የትንኝ መድኃኒት

አያቴን ያታለልኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እስከ አምና ድረስ ይሄን ወሬ እንደ ሜዳልያ ደረቴ ላይ ለጥፌ ነበር የምዞረው። ልጆች ተሰብስበን ማን ምን ጉድ ሠራ ስንባባል እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማወራው፤ ከኔ በኋላ ደፍሮ የሚያወራ የለማ። "ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጾም የማይሽር፣ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ በጋውን ሙሉ አራት እግር ካናቢስ ሲንከባከብ ነው የከረመው። ምን ብለነው? የትንኝ መድኃኒት ነው ብለነው!"

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። አምና ግን ሳቁ ወደኔ ዞረ።

ነገሩ የኮቪድ በጋ ነው። ቤታችን ካልጋሪ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ማርቲንዴል ሰፈር ነው፤ ድሮ አውሮፕላኑ ጣራችንን ሊልስ ምንም አይቀረውም ነበር፣ ያን ዓመት ግን ሰማዩ ጭጭ አለ። ታላቅ ወንድሜ ዮፍታሄ ኤርፖርት ካርጎ ላይ ነበር የሚሠራው። ሌይኦፍ ተደርጎ ከሥራ ተቀነሰና ከቤታችን ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወረደ፤ ወርዶም ቀረ። ሃያ ዓመቱ ነው። መጋረጃ አይከፍትም፣ ፀጉሩን አይነካም፣ ስልኩ ቢጮህ አያነሳም። ምግቡን ደረጃው ላይ አስቀምጬለት ስመለስ ሳህኑ እንዳለ ነው፤ እኔ እበላለታለሁ። በጣም ነው የቀናሁበት። ማንም አያስነሳው፣ ማንም ኦንላይን ክላስ ግባ አይለው። ሰው ተኝቶም ሊሰምጥ እንደሚችል ያኔ አላውቅም።

እማዬ ፈትለወርቅ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ያኔ ደብል ሺፍት ነበረች። መጋቢት ላይ እሷንም ኮቪድ ያዛትና ዳነች፣ አፍንጫዋ ግን ሥራ አቆመ። ወጥ ቢያርር አይሸታትም። ይሄን ያዙልኝ፣ ለኋላ ያስፈልጋል። አባታችንን አትጠይቁኝ፣ ቫንኩቨር ሌላ ቤት አለው።

ከዚያ አባባ አሉ። አባባ ገረመው የእማዬ አባት ናቸው። ከአሰላ በየካቲት ለሦስት ወር ሊጠይቁን መጥተው በረራ ተዘጋባቸው። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እማዬ ጴንጤ፤ ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ከቀረቡ ጸሎቱ ሁለት ጊዜ ስለሆነ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ድሮ የመንግሥት እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር ይባላል። እኔ ሞፈር ይዘው በሬ ሲከተሉ ነበር የሚታየኝ።

ሚያዝያ ላይ እማዬ የዮፍታሄን ጃኬት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አንድ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ጠብ ሲኖር ደረጃው የኔ ሲኒማ ነው።

"ምንድነው ይሄ?"

"ማሚ፣ ካም ኦን፣ ሊጋል ነው'ኮ።"

"በማን ሕግ? በካናዳ ነው በእግዚአብሔር?"

"ላይክ... በካናዳ።"

"ስማኝ ዮፍታሄ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናትና አባት ሳገላብጥ አድሬ ነው የምመጣው። ሁለተኛ ይሄን ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ባገኝ ትወጣለህ። ልጄ ነህ ብዬ አላልፍህም። በጌታ ፊት ነው የምነግርህ!"

አባባ እዚያው ተቀምጠው ሻያቸውን ያማስላሉ። ቀና እንኳ አላሉም። ጆሯቸው ደክሟል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ማታ ምግብ ይዤለት ስወርድ ዮፍታሄ ጣራ ጣራውን እያየ፣ "ቅዱስ፣ ብሮ፣ ምን አለች? እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያለችው አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"ጓሮ አላለችም።"

ከአንድ ወር ወዲህ እንደዚህ ዓይነት ብልጥ ነገር ሲወጣው የመጀመሪያው ነበር። ዘሩን በፖስታ አስመጣ። ቡቃያው እስኪጠና ቤዝመንት መስኮት ሥር ደበቅነው፣ ግንቦት አልቆ በረዶው ሲለቅ ጓሮ አወጣነው። አራት ባልዲ፣ አራት እግር። እኔ እንደ ባንክ ዘራፊ ነበር የተሰማኝ። የፖሊስ ሄሊኮፕተር በላያችን ባለፈ ቁጥር ዕቃ የምናስቀምጥበት ሼድ ውስጥ እገባለሁ። በክፍለ ሀገራችን በአልበርታ አንድ ቤት አራት እግር እንደሚፈቀድለት፣ ዮፍታሄም አራት ብቻ የተከለው ለዚያ እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሄሊኮፕተሩ የሚፈልገው ወይ የተሰረቀ መኪና ይሆናል ወይ ሌላ፤ ብቻ እኔን አልነበረም።

የቀሩት አባባ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ናቸው፤ ጎመን ተክለዋል፣ ሱፍ ተክለዋል። ከሳቸው መደበቅ አይቻልም። ባልዲዎቹን ሲያዩ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ይሄ ምንድነው?"

ዮፍታሄ አፉ ተያያዘ። እኔ ነኝ ያዳንኩት። "የትንኝ መድኃኒት ነው አባባ! እሱ ካለ ትንኝ አይመጣም።"

አባባ ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል በሁለት ጣታቸው አሹ። ጣታቸውን አሸተቱ። ዮፍታሄን አዩት፤ ሁለት ወር ፀሐይ ያላየ ፊቱን፣ ለቅሶ ቤት ያደረ የሚመስል ዓይኑን። ብዙ አዩት።

"ካናዳ ጥሩ አገር ነው" አሉ። "ለትንኝ እንኳ ይጨነቃሉ።"

ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነከስኩ። በላ! ሽማግሌው በላልን!

ከማግስቱ ጀምሮ ጣጣው መጣ። ጠዋት አንድ ሰዓት በእኛ ሲሆን አባባ የቤዝመንቱን በር በዱላቸው ይደበድባሉ።

"ዮፍታሄ! የትንኙ መድኃኒት ውኃ ጠማው!"

"አባባ፣ ቅዱስ ያጠጣው።"

"ቅዱስ ልጅ ነው፣ ያፈሰዋል። እኔ ወገቤን ያመኛል። ተነስ!"

የራሱ ዕቃ ስለሆነ ምን ይበል? እያጉረመረመ በነጠላ ጫማ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ደግሞ፣ "እግረ መንገድህን ጎመኑንም" ይሉታል። "እግረ መንገድህን ይቺን አረም።" "እግረ መንገድህን አጥሩን ቀና አድርገው።" እግረ መንገዱ አንዳንዴ እስከ ምሳ ይደርሳል። እኔ አባባ ሰነፍ ናቸው ብዬ ነበር የታዘብኳቸው። ምክንያቱም አንድ ቀን ማንም የማያያቸው መስሏቸው ሁለት ከረጢት አፈር በየትከሻቸው ተሸክመው፣ ሲቆሙ እንኳ ሳያቃስቱ፣ ከመኪናው ጓሮ ድረስ ሲወስዱ አይቻቸዋለሁ። "ወገቤ" የሚሉት ዮፍታሄ ሲያያቸው ብቻ ነው።

ሰኔ ላይ በረዶ ወረደ። የካልጋሪን በረዶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰማዩ አረንጓዴ ይሆንና ከዚያ እንቁላል እንቁላል የሚያካክል ድንጋይ ነው የሚወርደው። የጎረቤት መስኮት ሲረግፍ ይሰማኛል። ድንገት ዞር ስል አባባ የሉም። በመስኮት ሳይ የልብስ ቅርጫት ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ወደ ባልዲዎቹ እየሮጡ ነው።

"ዮፊ! አባባ ውጪ ናቸው!"

እንደዚያ ሲሮጥ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። በካልሲ፣ በቁምጣ፣ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣና ከላያቸው ተደፋ። ሊያስገባቸው ሲጎትት እሳቸው አንድ ባልዲ አሲያዙት። "ያዝ! መጀመሪያ እነሱን!" አሉት። አራቱንም ሼድ ውስጥ አስገብተው ሁለቱም በሰበሱ፤ ጀርባቸው በልዞ፣ እየተንቀጠቀጡ ኩሽና ገቡ። አባባ የዮፍታሄን ክንድ በፎጣ እያሹ፣ "ጎበዝ" አሉት። "ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።" ዮፍታሄ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። እየደረቀ ነው ብዬ ነበር።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ዮፍታሄ በዩቲዩብ አንድ ትምህርት ቀሰመ። ከአራቱ አንዱ ወንድ ነው። ወንዱ ካልተነቀለ ዱቄቱን ይበትንና ሴቶቹ ዘር ይይዛሉ፤ ዘር ከያዙ ለማጨስ አይረቡም። ለአባባ እንዴት እንደሚነግራቸው ሲጨነቅ ቆይቶ፣ "አባባ፣ ይሄኛው... ትንኝ ይጠራል፣ ይነቀል" አላቸው።

"ዛሬውኑ አስወግደዋለሁ" አሉ አባባ።

ከሰዓት ኳሴን ስፈልግ ከሼዱ ጀርባ ሄድኩ። ወንዱ እዚያ አለ፣ ከነባልዲው። አባባ ውኃ እያጠጡት ነው።

"አባባ፣ ተነቀለ ብለው አልነበር?"

ከኪሳቸው ከረሜላ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡ። "ለወንድምህ አትንገር።"

አልነገርኩም፤ ለከረሜላ አገሬንም እሸጥ ነበር። አዝነውለት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ሽማግሌ አይደሉ? ተክልም ያሳዝናቸዋል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሄደው ግንዱን ቀስ አድርገው ይነቀንቁታል፤ ቢጫ አቧራ ቡን ይልና በሼዱ ላይ አልፎ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል። እንደ ውሻ እየደባበሱት መስሎኝ ነበር።

መስከረም ደረሰና የእማዬ የቸርች ቤት ለቤት ጸሎት ተረኛ ሆንን። በኮቪድ ምክንያት ቤት ውስጥ አይቻልም፣ ጓሮ ነው። እማዬ ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ ሁለት ወንበር በሁለት ሜትር ርቀት ደረደረች። አራቱ... ይቅርታ፣ ሦስቱ የባልዲ ወይዘሮዎች በዚያን ጊዜ ከኔ ቁመት በልጠው ከሱፉ ጀርባ ቆመዋል። ሽታቸው ደግሞ ጎረቤት ሰፈር ያለው የኮራል ስፕሪንግስ ሐይቅ ድረስ ሳይደርስ አይቀርም። እማዬ ብቻ ናት የማታሸተው።

መዝሙሩ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እትዬ ሸዋዓለም ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ። ከቸርቹ ሁሉ ረጅሙ አፍንጫ የሳቸው ነው፣ በማሽተትም በሰው ነገር በመግባትም።

"ፈትሌ፣ ጓሯችሁ ያ የሚገማው አውሬ፣ ስካንክ ገብቷል እንዴ?"

"እኔ እንጃ እትዬ ሸዋዓለም፣ እኔ'ኮ ምንም አይሸተኝም።"

የጸሎት መሪው ወንድም ቴዎፍሎስ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዱት፤ በቀን ሁለት መቶ ሰው አሽትተው ነው የሚውሉት። ተነሱ። ሄደው ሱፉን ገለጥ አደረጉ። "እህት ፈትለወርቅ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይሄ ስካንክ አይደለም።"

"የትንኝ መድኃኒት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ማንም አልሰማኝም፤ ግማሹ ሰው በዚያች ሰዓት ክንዱ ላይ ትንኝ እየገደለ ነበር።

እማዬ ሄዳ አየች። ከዚያ ወደ ዮፍታሄ ዞረች። ዮፍታሄ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አፏን ልትከፍት ስትል ዱላ ሲንኳኳ ሰማን። አባባ ቆመዋል።

"የኔ ነው" አሉ። "ዕፀ ፋርስ ነው። ሀሺሽ የምትሉት። እኔ ነኝ የተከልኩት።"

"ጋሼ ገረመው!" አሉ እትዬ ሸዋዓለም። "እርስዎ?!"

"እኔ።"

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አለቀ! ማን አያቱን ከቤት ያባርራል? ዮፍታሄ ዳነ!

ግን አላለቀም። ወንድም ቴዎፍሎስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘጉና በጣም በአክብሮት፣ "ጋሼ፣ ይፍቀዱልንና ከዚህ እስራት እንዲፈቱ እንጸልይልዎ" አሉ። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰዉ ሁሉ ከበባቸው። በደህናው ጊዜ ቢሆን እጅ ይጭኑባቸው ነበር፤ በኮቪድ ስለሆነ በሁለት ሜትር ርቀት ክንዳቸውን ዘረጉባቸው። "የሱስን መንፈስ እንገስጻለን!" "ልቀቃቸው!" እትዬ ሸዋዓለም ያለቅሳሉ። አባባ፣ በሕይወታቸው ሲጋራ እንኳ ከንፈራቸውን ያልነካ፣ ራሳቸውን ደፍተው መሀል ቆመዋል። በፀጉራቸው መሳሳት ፀሐዩ ቆዳቸውን ሲያበራው ይታየኛል። እኔ ማስኬ ውስጥ ሳቅ ሊገለኝ ነበር።

"ስቶፕ!"

ዮፍታሄ ነው። ቆሟል።

"የሳቸው አይደለም። የኔ ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኔ ነኝ የተከልኩት፣ እሳቸው ምንም... እሳቸውን ተዉአቸው። ፕሊስ። እሳቸውን ልቀቋቸው።"

አበደ እንዴ? አልኩኝ በሆዴ። አምልጦ ሳለ ተመልሶ ወጥመዱ ውስጥ የሚገባ ደደብ! አንድ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩበት። አሁን ሲታየኝ ዮፍታሄ ከዚያ ቤዝመንት በትክክል የወጣው የዚያን ደቂቃ ነው። ያለፈውን ሁሉ በአባባ ተገፍቶ ነው የወጣው፤ ያንን ብቻ በራሱ እግር።

ሰዉ የተዘጋጀለት ኬክ ሳይቆረስ ሄደ። እማዬ ቤዝመንት ወረደች። መሳቢያ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ቁም ሳጥን ሲንጓጓ ሰማሁ። ከዚያ ትልቁን ሰማያዊ ሻንጣ ደረጃውን እያስመታች አወጣችና የፊት በሩ ጋ ገተረችው። ኩሽና ገብታ መስኮቱ ጋ ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ፤ ያን ምሽት ከሷ ሌላ የምጠጋበት ሰው አልነበረኝም።

ከውጪ አባባ ለዮፍታሄ መቀስ ሲሰጡት ይታያል። ቁረጠው ማለታቸው ነው። ዮፍታሄ አንዱን ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ አበባውን በጣቱ ፈለቀቀው። ዝም ብሎ አየው። ሌላ ፈለቀቀ። ሌላ። አባባ አንድ ነገር አሉት። እሱ አንድ ነገር አላቸው። በመስታወቱ ምንም አይሰማም።

ያን ቀን የተባባሉትን አምና ነው ዮፍታሄ የነገረኝ። አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ ችግኝ የሚያፈላ ትልቅ ግሪንሃውስ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አሥራ አንድ ሰው ከሥሩ አለ፣ አንዱ እኔ ነኝ። በመኪናው እየሄድን ያቺን የትንኝ መድኃኒት ወሬዬን ሃምሳኛ ጊዜ ልጀምር ስል፣ "ቅዱስ፣ አንተ ልጅ፣ እስከዛሬ አልገባህም?" አለኝ።

ያን ቀን የፈለቀቀው አበባ ሁሉ ዘር ብቻ ነበር። እንደ ሰሊጥ ጥቅጥቅ ያለ ዘር። "አባባ፣ ወንዱን አልነቀሉትም" አላቸው።

"አልነቀልኩትም።"

"ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?"

"ልጄ፣ እኔ ሰላሳ ዓመት ምርጥ ዘር ላይ ነው የሠራሁት። ሥራዬ የበቆሎ ወንዴ አበባ ማስነቀል ነበር። አንዲት አበባ ሳትነቀል ካመለጠች ማሳው ሁሉ ይበላሻል፤ ለሷ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በጡረታዬ ደግሞ አንዲቷን ሆን ብዬ ባስመልጥ ምን ይመስላል ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ ለማሚ አልነገሯትም?"

"ብነግራት ምን ልትሆን ነበር? አንተ ትወጣለህ፣ እሷ ታለቅሳለች። እኔስ ጎመኔን በማን ላስኮተኩት?"

እኔ ግን ያኔ ይሄን ሁሉ አልሰማሁም። በመስኮቱ የታየኝ ዮፍታሄ ሲስቅ ነው። መጀመሪያ ትከሻው ተነቀነቀ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሳቁ በመስታወቱ አልፎ ገባ። ያ ከመጋቢት ጀምሮ የጠፋው፣ እንደ አህያ የሚያናፋው የድሮ ሳቁ። አባባም ዱላቸው ላይ ተደፍተው ይንፈቀፈቃሉ።

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ምን ያስቃቸዋል?" አልኳት። "አጭሰው ሃይ ሆነው ነው?"

እሷ ሳትዞር፣ "ቅዱስ" አለች፤ ድምጿ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። "ሂድና ያንን ሻንጣ ቤዝመንት መልሰው።"

ሄድኩ። የወንድሜ ንብረት በሙሉ ነው ብዬ እግሬን አንፈራጥጬ፣ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ ስበው ወደ ኋላዬ ልገለበጥ ምንም አልቀረኝም። ባዶ ነው። ዚፑን ከፈት አድርጌ አየሁ፤ ካልሲ እንኳ የለውም።

ረሳች አልኩ። ምስኪን፣ ያ ሁሉ መሳቢያ ተከፍቶ ተዘግቶ፣ ልብሱን መክተት ረሳች። ደብል ሺፍት ሰው ያዞራል። ታዲያ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ፣ እንደከበደው ሰው ጮክ ብዬ እያቃሰትኩ፣ በየደረጃው እያረፍኩ አወረድኩት።